የአጋፋሪ ውብሸት ጥርስ

አፍ ያነሰበት ቤት ሲገጥመን የምንተርታት አንዲት ተረት አለች፤ መነሻዋ የአንድ ሰው መንጋጋ ነው።

ፊታውራሪ ገሠሠ በተባሉ ባላባት ግቢ ማንም ከጌታው ጋር በቀጥታ አይነጋገርም ነበር። ትእዛዝም አቤቱታም የሚያልፈው እንግዳ አስገቢና ቃል አቀባይ በሆነው በአጋፋሪ ውብሸት አፍ ነው። ፊታውራሪ «ዛሬ ወጡ ጣፍጧል» ቢሉ፣ ለወጥ ቤት አለቃዋ ለውድነሽ የሚደርሳት «ጨው በዝቷል ብለው ተቆጥተው፣ እኔ ነኝ ያበረድኩልሽ» የሚል ነው። እሷም አመስግና ቅቤ ትልክለታለች። በዚያ ግቢ ደልቶት የሚያድር እሱ ብቻ ነበር፤ ሌላው ሆዱ ቢሞላም እንደ ከፋው ይተኛል። ውድነሽ አንድ ጊዜ ሳትታዘዝ ማዕድ ብታቀርብ «ደፈረችዎ» ብሎ አሳብቆ ክረምቱን ሙሉ እህል አስፈጭቷታል።

የፊታውራሪን ልጅ አልጋነሽን ለማጨት ሽማግሌዎች የመጡ ዕለት ውብሸት ጥርሱን ታሞ መንጋጋው አብጦ ዋለ። ፊታውራሪ ጋብቻውን አጥብቀው ይሹት ነበር፤ ከጠያቂዎቹ ወገን ጋር የቆየ የድንበር ጠብ ይበርድላቸዋልና። «ማዕድ ይቅረብ» አሉት በሹክሹክታ። ጌታ በእንግዳ ፊት ጮክ ብሎ አያዝም።

ውብሸት ፊቱን በነጠላ ጠምጥሞ ጓዳ ደረሰ።

«ምን አሉ?» አለች ውድነሽ።

«እምም!»

«ይቅረብ ነው አይቅረብ?»

«እምምም!» ብሎ፣ ራሱን መነቅነቅ እንኳ አቅቶት አፉን ጠቆመ። ምግብ ይሁን ሕመም ማን ይለየው?

ጠጅ አሳላፊው «እኔ ሄጄ ልጠይቅልሽ» ብሎ ቢነሣ፣ ውብሸት ዱላውን አንሥቶ በሩ ላይ ተጋረጠ። ያለ እሱ አፍ ቃል የሚያልፍ ከሆነማ ነገ ማን ቅቤ ይልክለታል!

ወጡ ቀዘቀዘ። እልፍኝ ውስጥ ፊታውራሪ «አሁን ይመጣል» እያሉ በሩን በሩን ያያሉ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ እንግዶቹ ተነሡ።

«ንቀውናል! ከእንግዲህ ልጃቸውን መርቀው ቢሰጡንም አንወስድም» አለ አንደኛው።

ፊታውራሪ እየለመኑ ሲከተሏቸው ጓዳው በር ላይ ዱላ የያዘውን ውብሸትን፣ ከኋላውም የተደረደረውን ሌማት አዩ።

«ምነው አላቀረብሽም?» ብለው ጮኹ። ለውድነሽ በገዛ አፋቸው ሲናገሯት የመጀመሪያቸው ነበር።

«ማን ነገረኝ ጌታዬ?» አለች እያለቀሰች።

ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ ሌማቱን አዩ፣ ያበጠውን ጉንጭ አዩ፣ ምራቃቸውን ዋጡና በቅሏቸው ላይ እየወጡ፣ «በአንድ አፍ ያደረ ግቢ፣ ጥርስ ሲያመው ጦሙን ያድራል!» አሉ።