ጅብ የሸኛት አህያ

ተረት ተረት፣ ጆሮ ላለው ፍጥረት።

ሁለት መንደሮች በድንበር ተጣልተው ሳለ፣ የአንደኛው መንደር አህያ ጤፉን ለባሕር ማዶ ነጋዴዎች እያወረደች በምትኩ ጥይት ተጭና ትመለስ ነበር። በጎተራው ጤፉ ሲያንስ፣ በጀርባዋ ጥይቱ ይበዛል። ጅብም ወንዙ ዳር ይጠብቅና፣ ሳይነካት፣ እሾኹን ከመንገዷ በአፉ እያነሣላት ይሸኛታል።

አንድ ቀን ጭንቅ ቢላት፣ «አያ ጅቦ፣ እኔን የማትበላኝ ለምንድን ነው?» አለችው።

«እመት አህዪት፣ አንቺን ብበላ የምጠግበው አንድ ቀን ነው» አላት።

መንደር ስትደርስ ውሻ አልጮኸም፣ ጭስም አልታየም፤ መንገዱ ሁሉ የተተኮሰ ጥይት ቀለህ ነበር። ሁልጊዜ የሚያራግፋት ጌታዋ አልወጣም። በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች፣ ጠበቀች።

ጅቡ ከኋላዋ ቀስ ብሎ መጣና መጫኛውን በጥርሱ ፈታላት። ትንፋሹ ጌታዋን ጌታዋን ሸተታት።

«በይ ዕረፊ» አላት በለሆሳስ፤ «ነገ የወዲያኛውን መንደር ጤፍ እናወርዳለን።»