ከጭላዶች ጋር ሣር የነጨችው ሴት

በነፍሴ እምላለሁ፤ አሁን የማወጋችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት ቃል ብዋሽ ምላሴ እንደ ጫማ ጠፍር ይድረቅ። በሉ እናንተ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ እኔ ተረቴን ልስጣችሁ።

ድሮ፣ ድንጋይ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ ደመና ከእግር በታች በሚያድርበት ደጋ ላይ ጭላዶች፣ ሣር በሎቹ ዝንጀሮዎች፣ ይኖሩ ነበር። አለቃቸው አባ ጎፈር ይባላል። ጎፈሩ ከመርዘሙ የተነሳ እሱ አፋፍ ላይ ሲቀመጥ ጫፉ ታች ወርዶ ወንዝ ይጠጣ ነበር።

አንድ ቀን ዶክተር ፋናዬ የምትባል ተመራማሪ የጭላዶችን ጠባይ ላጥና ብላ መጣች። መጥታም አቅርቦ የሚያሳየውን መነጽሯን ደቀነችባቸው። መንጋው ደነገጠ። በጭላዳ ደንብ ማፍጠጥ የጠብ ጥሪ ነዋ።

አባ ጎፈር ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን አሳያት፤ ዝም አለች። የዓይኑን ቆብ ገልብጦ ነጩን አሳያት፤ ዝም አለች። መሬቱን በጥፊ መታ፤ ዝም አለች። ዝም ብላም አልቀረች፤ ዞር ብላ ተቀመጠችና ሣር ነጭታ ጎረሰች።

አባ ጎፈር አፉን ይዞ ቀረ።

«ኧረ ይህቺ የኛው ናት» አለ።

«ፀጉሯስ የት ሄደ?» አለች ቀዮ፣ ጨቅላ የታቀፈች እናት።

«ታማ ይሆናላ። ነውር ነው፣ አትጠይቂያት።»

ቀዮ አዘነችላት። ልጇን አምጥታ ፊቷ አስቀመጠችና «እህቴ፣ ሣር ነጭቼ እስክመለስ ጠብቂልኝ» አለቻት። ሴትዮዋ ዝም አለች። በጭላዳ ደንብ ደግሞ ዝምታ እሺ ማለት ነው።

አያ ቀበሮ በመንጋው መካከል አይጥ ያድን ነበር። ቀስ ብሎ እስከሄደ፣ ልጅ እስካልነካ ድረስ ማንም አይነካውም፤ ውላቸው ነው። ያን ዕለት ግን አይጥ አጣ። አጣና ሕፃኑን አየ።

መነጽሩ ነገሩ ገባው። «እሜቴ፣ ቀበሮው ከአይጥ ጉድጓድ ዞር ብሏል» አለ።

«ዝም በል። የእኛ ሕግ ማየት ነው፤ ጣልቃ መግባት የለም።»

«እሜቴ፣ ቀበሮው ምራቁን ዋጠ።»

«ማየት ነው አልኩህ፤ ጣልቃ መግባት የለም።»

«እሜቴ፣ ሕፃኑ አፉ ውስጥ ገባ። እግር ቢኖረኝ እኔው እሄድ ነበር።»

«ወይ ጉድ» አለች። እጇ ግን አልተነቃነቀም።

ቀዮ ዞር ስትል ክው አለች። መንጋው ክው አለ። ሣሩ እንኳ ክው ብሎ ቆመ። «አደራዬን! ልጄን!» ብላ ኡኡታዋን አቀለጠችው፤ መንጋው እየጮኸ ተከተላት። ቀበሮው ግን እንደ ነፋስ ነው፤ ቀደማቸው።

ይህን ጊዜ ገደሉ አፉን ከፈተ።

«አንቺ ሴት» አለ፣ «እኔ ድንጋይ ነኝ። ማታ ማታ ግን እላዬ ላይ የሚተኙትን እነዚህን ጭላዶች ሁሉ ደግፌ አድራለሁ። አንቺ እጅ አለሽ፤ ለምን ቀን ልታውዪው ነው?»

ዶክተር ፋናዬ ብድግ አለች። መነጽሩን አሽከርክራ ወረወረችው። መነጽሩ እየበረረ «ተመስገን፣ እግር አወጣሁ» ሲል ሰባት ቀበሌ ሰማው። ሄዶ የቀበሮውን ወገብ ቢለው፣ ቀበሮው ሕፃኑን ጥሎ ፈረጠጠ። ሕፃኑ ጆሮው ቢቀደድም በሕይወት ተርፎ እናቱ ደረት ላይ ተለጠፈ።

ከዚያ ወዲህ አያ ቀበሮ በዚያ መንጋ ዙሪያ ድርሽ ብሎ አያውቅም። የሚገርመው ግን፣ ጭላዶቹ ሴትዮዋንም ሲያዩ ልጆቻቸውን እያፈሱ ይሸሻሉ።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ሣሩን አብሮ የነጨ ኡኡታውንም አብሮ ይጩህ።

ደግሞ አንዲት ትንሽ ነገር ከራሴ ጨምሬያለሁ፤ አልደብቃችሁም። እውነቱ ግን መነጽሩን የወረወረችው ቀዮ ናት፤ እየሮጠች ስታልፍ ከሴትዮዋ እጅ ነጥቃ። ዶክተር ፋናዬ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።