የዘካው ቤት ጓጉንቸር

አንዲት የቆየች የንግድ ከተማ ነበረች፤ ስሟ ይቆየን። በዚያች ከተማ ሐጂ ኸድር የሚባሉ ቁልፍ ሠሪ ከታናሽ ወንድማቸው ከጀውሀር ጋር በአባታቸው ሱቅ ይሠሩ ነበር። የሁለቱም እጅ የተባረከ ነው። ሰው ግን ገና ከበሩ "ሐጂ አሉ?" ብሎ ይጠይቃል። ጀውሀር ይህችን ጥያቄ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰማ፤ በሰማት ቁጥርም ሐሰድ የሚሉት ቅናት አንጀቱን ይበላው ነበር። ወንድሙን ይወዳል፤ ሲመሰገኑ መስማት ግን አይሆንለትም።

በረመዳን መገባደጃ የመስጊዱ ሽማግሌዎች የዘካተል ፊጥር እህል ለሚቀመጥበት ቤት ጓጉንቸር ሊያሠሩ መጡ። ጀውሀር ሐጂ በሌሉበት የወንድሙ ዓይን እንደ ደከመ ሹክ አላቸውና ሥራውን ተቀበለ። የሐጂ ዓይን ምንም አልሆነም ነበር። ከእሳቸው ፈጥኖ እንደሚሠራ ለማሳየትም ሲጣደፍ በጓጉንቸሩ ውስጥ ያለውን ሞላ ከልክ በላይ ሞርዶ አሳሳው።

የዒድ ጠዋት የሳሳው ሞላ ተሰብሮ ጓጉንቸሩ አልከፈት አለ። እህሉ ከሰላት በፊት ለሚስኪኖች መድረስ አለበት፤ እነሱም ባዶ ዕቃቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ጀውሀር ቢታገል ቢታገል አቃተው። ሰዉ ሲያጉረመርምበት ጊዜ ጨነቀውና፣ ሞላውን የሠሩት ሐጂ ናቸው አለ።

ሐጂ ተጠርተው መጡ፤ በቀጭን ሽቦ ነካክተው ከፈቱት። እህሉ መታደል ሲጀምር ኢማሙ ጀውሀር ያለውን ነግረዋቸው፣ እውነት እንደ ሆነ ጠየቁ። ሐጂ የተሰበረውን ሞላ አገላብጠው አዩ፤ ወንድማቸውንም አዩ።

"ከቤታችን የወጣ ነው። አውፍ በሉን" አሉ።

ወሬውን የሰማ አንድ የጨው ነጋዴ፣ እውነትም የሐጂ ዓይን ደክሟል፤ ከእንግዲህ የመጋዘኔን ቁልፍ ጀውሀር ይሥራልኝ አለ። ጀውሀር ሃያ ዓመት የተመኘውን ቃል ሰማ። ደስ አላለውም። ይልቁንም ወንድሙ ሳያጋልጠው መቅረቱ አስቀናው፤ እሱ ቢሆን ኖሮ አፉን አይዘጋም ነበር። ያን ጊዜ በራሱ አፈረ።

"ዋሽቻለሁ" አለ በሰዉ ፊት። "ሞላውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የወንድሜ ዓይንም ደህና ነው።"

ሐጂ እጁን ይዘው ወደ ሰላቱ ሲሄዱ ይህን ብቻ አሉት፦

"ጀውሀር፣ ሪዝቅህን፣ እንጀራህን፣ ከእኔ እጅ አትፈልገው። እኔም ከአላህ ለምኜ የማገኘው ነው።"

ሐሰድ የያዘው ሰው የተጣላው ከወንድሙ ጋር ይመስለዋል። ሙግቱ ግን ሪዝቅን ካከፋፈለው ጌታ ጋር ነው፤ ሳያውቀው ፍርድህ ተዛብቷል እያለው ነው። የጎረቤታችን ሱቅ ሲደምቅ ፊታችን የሚጠቁርብን እኛም ከዚሁ ወገን ነን። ሁላችንም በአንድ በር ዕቃችንን ይዘን ከቆምን፣ ለማኝ በለማኝ ምን ያስቀናዋል? አላህ ከዚህ በሽታ ይጠብቀን፤ የያዘንንም ያሽረን።