አሥራ ሁለት ጊዜ የተቀመሰው ዶሮ ወጥ

አንድ ጊዜ አራዊት በየወሩ በተራ የሚደግሱበት ማኅበር ነበራቸው። አያ ጅቦ አባል ከሆነ ሰባት ዓመት ቢሞላውም አንድም ቀን ተራ ደርሶት አያውቅም። «ጅብ ቤት ተጋብዞ ማን ይመለሳል?» እያሉ ይዘሉታል። ዕድሜ ልክ የሰው ድግስ እየበሉ መኖር ደግሞ ጅብንም ቢሆን አንድ ቀን ያሳፍረዋል። ስለዚህ የማኅበሩ ዳኛ ወደሆነው ወደ አንበሳ ሄዶ ለመነ።

«ጌታዬ፣ የዘንድሮን እንቁጣጣሽ እኔ ልደግስ።»

አንበሳ ጎፈሩን አከከ። «ደግስ። ግን አንድ እንግዳ ሳይጠግብ ከቤትህ ከወጣ ከማኅበሩ ትሰረዛለህ።»

አያ ጅቦ ከማኅበሩ ውጪ አንድም ወዳጅ አልነበረውምና ነገሩ ከልቡ አስጨነቀው። ጎረቤቱን አህያን ሊያማክር ሄደ። አህያ የአጥሯን በር ሳትከፍት ከውስጥ ሆና መለሰችለት።

«ብዙ አታብዛ። አንድ ድስት ዶሮ ወጥ ይበቃል። ዋናው ሽንኩርቱ ነው። እሳቱን ቀነስ አድርገህ አቁላላው፣ አትቸኩል። የቸኮለች ጅብ ቀንድ ትነክሳለች ሲባል አልሰማህም?»

«እንዴት አልሰማ! አክስቴ እኮ ናት» አለ አያ ጅቦ።

በበዓሉ ቀን ገና ሳይነጋ ተነስቶ ሽንኩርቱን እያለቀሰ ከተፈ። እንደተመከረውም ሳይቸኩል ሲያቁላላ ረፈደ። በርበሬውንና ቅቤውን ጨመረ፤ አሥራ ሁለት ቦታ የተገነጠለችውን ዶሮም ከተተበት። ዶሮዋን ከየት እንዳመጣት አትጠይቁኝ።

ወጡ ሲደርስ እመት ቀበሮ ብቅ አለች።

«እንኳን አደረሰህ! ልርዳህ ብዬ ነው። ጨዉን ቀመስከው?»

አያ ጅቦ አንድ ክንፍ አውጥቶ ዋጠ። «ልክ ነው።»

«የክንፉ ልክ ነው። የታፋውስ? ስሱና ወፍራሙ ሥጋ ጨው እኩል ይስባል እንዴ? ባለሙያ ሁሉንም ብልት ነው የሚቀምሰው። ብቻህን እንዳትሳሳት እኔም አብሬህ እቀምስልሃለሁ።»

«እውነትሽን ነው» አለ አያ ጅቦ፤ ሙያዋ ገርሞታል።

ታፋው ጨው አነሰው ብለው ጨመሩ። መላላጫው በዛበት ብለው ውሃ ጠብ አደረጉ። እንዲህ እያሉ አሥራ ሁለቱንም ብልት ፈተኑ፤ እንቁላሎቹንም አልረሷቸውም። በጅብ መሳቅ ቀላል ነው። እኔ ራሴ ግን «ጨው ልይ» እያልኩ እንግዳ ሳይመጣ ድስት ያጋመስኩ ሰው ነኝና ዝም ብል ይሻለኛል።

እንግዶቹ ደረሱ። አንበሳ ከላይ፣ አህያ በሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ አህያ ጅብ ቤት ሌላ የት ትቀመጥ? ቀበሮም አፏን ጠርጋ እንደ አዲስ እንግዳ ገባች።

«ለጌታችን ፈረሰኛው ይውጣላቸው እንጂ!» አለች። ፈረሰኛ ለክብር እንግዳ የሚወጣው ብልት ነው።

አያ ጅቦ ጭልፋውን ሰደደ። ግራና ቀኝ ፈለገ፣ ከሥር አማሰለ። የሚወጣው ቁሌት ብቻ ነው። ቀበሮ ጠጋ ብላ በጆሮው «ሌባ ገባ በል» አለችው። ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ ሆዱን አየው፤ ከበሮ አክሏል። ይህን ሆድ ተሸክሞ ሌባ ገባ ማለት ለጅብም ከበደው።

«ጌታዬ፣ ዶሮዋን ጨው ስቀምስ ጨረስኳት» አለ። «አሥራ ሁለት ጊዜ ቀመስኩ። ሰባት ዓመት የጠበቅሁትን ተራ በአንድ ጠዋት በላሁት። ቁሌቱ አለ፤ ጨዉ እንደሱ የተፈተነ ወጥ በአገሩ የለም። እኔን ሰርዙኝ፤ እናንተ ግን ባዶ ሆዳችሁን አትሂዱብኝ።»

አንበሳ እንጀራውን በቁሌቱ አጥቅሶ ጎረሰ። ደገመ፣ ሠለሰ፤ ሌሎቹም ተከትለው እስኪጠግቡ ጎረሱ።

አህያ ከበሩ ሥር ጉሮሮዋን ጠረገች። «እንግዲህ ከተናዘዝን አይቀር፣ ባለፈው ወር ቆሎ ብዬ ያቀረብኩላችሁ ውሃ አልቆበት ያረረ ንፍሮ ነበር።»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ቀበሮ ብቻ «እኔስ ምንም ጉድ የለብኝም» ብላ ተኮሳትራ ተቀመጠች። ሳቁ ሲበርድ አንበሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«እኔም ያንን ቆሎ አልቆረጠምኩትም። ጥርሴ ካለቀ ሁለት ዓመቱ ነው። በየቤታችሁ ፈረሰኛውን ተቀብዬ ከመደቡ ሥር እደብቅና ጦሜን አድራለሁ። አንበሳ ጥርስ የለውም እንዳይባል ፈርቼ ነው። ከዚያ ወዲህ ከድግስ ቤት ጠግቤ ስወጣ የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው።»

አያ ጅቦ በደስታ አለቀሰ፤ የአሁኑ እንባ የሽንኩርት አልነበረም። አንበሳም እጁን እየታጠበ እንዲህ አለው፦ «የከርሞው እንቁጣጣሽም ተራው ያንተ ነው። ዶሮዋን ግን አሁንም እኛ ሳንመጣ ብላት።»

ከዚህ የምንማረው ጓዳው የጎደለበት ደጋሽ ሰበብ ከሚደረድር ይልቅ በራሱ ስቆ ያለውን ቢያቀርብ፣ እንግዳው ሆዱን ሞልቶ የራሱንም ጭንቀት አራግፎ እንደሚሄድ ነው።