በጉሮሮ የቀረ እልልታ

አንዲት ልጅ ጥቁር ጋዋን ለብሳ ከጓደኞቿ ጋር በቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ ቆማ ነበር። የተመራቂዎች የምስጋና እሑድ ነው። ማይክራፎኑ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ስም፣ የተማሩት ትምህርት፣ ከዚያ ምስጋና። ታውቁታላችሁ፤ በየዓመቱ እናደርገዋለን።

«ሕክምና» አለ የመጀመሪያው። ቤቱ በእልልታ ተናጋ።

«ሲቪል ምህንድስና» አለች ቀጣይዋ። እልል!

«ታሪክ» አለ ሦስተኛው። ጥቂት ሰዎች አጨበጨቡ። ፕሮግራሙን የሚመሩት ጋሽ ኤርሚያስ ትከሻውን መታ መታ አደረጉና፣ «አይዞህ፣ ጌታ ለአንተም በር አያጣም!» አሉት። ሕዝቡ ሳቀ።

ምን ሆኖ ነው «አይዞህ» የተባለው? ታሟል? ሰው ሞቶበታል?

ቀጥሎ ተራው የዚያች ልጅ፣ የትርሲት ነበር። የተማረችው ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ነው። የመመረቂያ ጽሑፏን የሠራችው እናቷ ወይዘሮ ሙላቷ ከቡልጋ ይዘዋቸው በመጡት የእሹሩሩ ዜማዎች ላይ ነው። እናት ሽንኩርት እየላጡ ያዜማሉ፣ ልጅ በስልኳ ትቀዳለች። «ይሄም ትምህርት ሆኖ!» እያሉ ይስቁባት ነበር። ለጎረቤቱ ግን አንድ ሳይቀር አውርተዋል። አሁን አዲስ ነጠላ ለብሰው ከፊት ተቀምጠዋል፤ እልልታቸው አፋቸው ላይ ደርሷል።

ማይክራፎኑ ትርሲት እጅ ገባ። ሳቁ ገና ከጆሮዋ አልወጣም።

«ትርሲት እባላለሁ» አለች። «ኮምፒውተር ሳይንስ።»

እልልታው ጣሪያውን ሊነቅለው ደረሰ! «እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ ጋሽ ኤርሚያስ። «እንጀራ ያለበት!»

እልል ያላሉት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። ወይዘሮ ሙላቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ እንዳደረጉ ቀሩ።

በኋላ ግቢው ውስጥ ልትስማቸው ስትጠጋ፣ «ልጄ» አሏት ቀስ ብለው፣ «የእኔ ዜማ አሳፈረሽ?»

ትርሲት አንገቷን ደፋች።

ወገኖቼ፣ በእግዚአብሔር ቤት የዋሸው ማን ነው? እሷ ዋሽታለች፤ አላድበሰብሰውም። ውሸቱን ግን ማን አስተማራት? እልልታውን በደመወዝ እየመዘነ የሚያድል ሕዝብ አይደለምን?

«እንዲህ ያለ ትምህርት ሥራ የለውማ!» ትላላችሁ። በየቤታችሁ ስንት መሐንዲስ የሥራ ማስታወቂያ ሲያነብ ውሎ ይገባል? በተመረቀ ቀን እሱን ማን «አይዞህ» አለው? ደግሞስ ልጃችሁን ማንበብ ያስተማረው ማን ነው? ፍርድ ቤት ስትሄዱ የሚናገርላችሁስ? ይህን በእጃችሁ የያዛችሁትን ቅዱስ ቃል በቋንቋችሁ ያደረገላችሁ ማን ነው? ድልድይ ሠሪ ነው?

ሕክምናም ምህንድስናም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ እልል በሉለት። ነገር ግን ሰጪው አንድ ሆኖ ሳለ፣ ለአንዱ እልልታ ለሌላው ማጽናኛ የምታካፍሉ እናንተ እነማን ናችሁ? ልጅ እናቷን የምትክድበትን መድረክ ሠርታችሁ፣ ምስጋና ብላችሁ ትጠሩታላችሁ?

በሚመጣው እሑድ ተመራቂዎቻችን እዚህ ይቆማሉ። አንዷ «ሥነ ጽሑፍ» ትላለች። እናቷ ከእናንተው መካከል ተቀምጣለች።

እልልታውን እናቷ እስክትጀምር አትጠብቁ።