ለምርጊት የተቆፈረ ጉድጓድ

ትርንጎዬ፣ እንደ አንቺ አሮጌ ቤት የደረሰው አንድ ሰው ነበረ። «ለልጄ ክርስትና ቀለሙን ላስቀድም ወይስ ኮርኒሱን?» ብለሽ ጠይቀሽኛልና የእሱን ልንገርሽ።

ቤቱ የጭቃ ቤት ነው። ከአባቱ ወረሰው፤ ሚስት አገባበት፤ ሴት ልጅ ወለደበት። ሰነፍ አልነበረም። ዝናቡ አባርቶ መስከረም ሊጠባ ሲል አገር ሁሉ ቤቱን እንደሚያሳምር እሱም ያሳምራል። ከጓሮው አፈር ቆፍሮ፣ ከጭድ ጋር አቡክቶ ግድግዳውን ይመርጋል፤ ጠፈፍ ሲል ኖራ ይቀባዋል። የበዓል እንግዳ ሁሉ «እሰይ፣ ቤት ማለት ይሄ ነው!» ይለዋል።

እንግዳው ከሄደ በኋላ ግን ኖራው ያብጣል፤ ከሥር ጀምሮ ይረግፋል። ብርድ ሲገባ ሚስቱ ከሰል ታቀጣጥላለች፤ ከሰሉ የግድግዳውን ውሃ ሲያተን ያመሻል እንጂ ሰው አያሞቅም። ልጅቱ በዚያ እርጥበት ውስጥ ታስላለች። እሱ ጭዱ አንሶ ነው ይላል። በዓመቱ ጭድ ጨምሮ፣ አፈሩንም አብዝቶ ቆፍሮ፣ አወፍሮ ይመርጋል። ልጅቱም ብሶባት ታስላለች።

አንድ ነሐሴ የልጅቱ ደረት ሲር ሲር ይል ጀመር። ሰውየው አቅፏት፣ «ዘንድሮ ሁለት እጅ እመርገዋለሁ፤ ያኔ ይሻላታል» አለ። ሚስቱ ልጅቱን ከእጁ ተቀበለችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ቤት የምታውቀው በፀሐይ ብቻ ነው። ውጣና ሲዘንብበት እየው።»

«በዚህ ዶፍ?»

«እኛ ቤት ውስጥ ሆነን በስብሰናል፤ አንተ ውጭ ብትበሰብስ ምን ትሆናለህ?»

ጆንያ ተከናንቦ ወጣ። ወደ ጓሮ ዞሮ ቆመ። ቆርቆሮው አጥሯል፤ ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ ግድግዳውን እየላሰ ይወርዳል። የወረደውም የትም አይሄድም። በየዓመቱ ለምርጊት አፈር ያወጣበት ጉድጓድ ከግድግዳው ሥር አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል። ውሃው እዚያ ይተኛል፤ ግድግዳውም ከሥሩ ይጠጣዋል። ለካ ቤቱን ያረጠበው ያሳመረበት ጭቃ ነው።

በዚያው ዝናብ ዶማ አነሣና ውሃውን ወደ ቁልቁለቱ በቦይ መራው። ዝናቡ ሲያባራ ጉድጓዱን በድንጋይና በአፈር ደለደለ፤ ቆርቆሮውን ቀጥሎ አስረዘመ። መስከረም ሲጠባ አልመረገም። የላላውን ምርጊት አራግፎ ግድግዳውን ለፀሐይ ሰጠው።

እንግዶች መጡና «ምነው፣ ዘንድሮ ቤቱ ሐዘን ላይ ነው እንዴ?» ብለው አሾፉ።

«እየደረቀ ነው» አለች ሚስቱ። «አትደገፉት፤ ነጭ ልብሳችሁን ያበላሸዋል።»

ሰውየው አፈረ፤ ግን ቻለው። ግድግዳው እስከ ውስጡ ሲደርቅ፣ አፈር ከሩቅ አምጥቶ መረገው። ኖራውን መጨረሻ ቀባ። ብርዱ ሲመጣ ያው ከሰል፣ ያው ቤት ነው፤ ልጅቱ ግን ብርድ ልብሷን በእግሯ ገፍታ ተኛች።

ትርንጎዬ፣ ያ ሰው አንቺ ነሽ። ቀለሙም ኮርኒሱም ለእንግዳ ዓይን ነው። አማቶችሽ በልተው፣ ጠጥተው፣ መርቀው ይሄዳሉ፤ ልጅሽ ግን እዚያው ያድራል። ከላይ ጣሪያውን፣ ከታች ውሃውን አስቀድሚ፤ ከዚያ ግድግዳው ይድረቅ፤ ሌላው ይደርሳል። ግድግዳሽ ቡራቡሬ ነው ብሎ ከክርስትናው ማንም አይቀርብሽም።

ይኸው ደመናው ጠቁሯል። ልጁን ለእኔ ስጪኝ፤ አንቺ ወደ ጓሮ ዙሪና ቁሚ።