ባዶው የአስተያየት ሣጥን

በአንድ የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አቶ በርናባስ የሚባሉ ርዕሰ መምህር ነበሩ አሉ። ያለ እሳቸው ፊርማ ጠመኔ ከመጋዘን አይወጣም፤ ያለ እሳቸው ፈቃድ የደወሉ ገመድ አይጎተትም። ሠራተኛው በየጥጉ ማጉረምረሙን ሲሰሙ የአስተያየት መስጫ ሣጥን አሠሩና ከቢሯቸው መስኮት ትይዩ አሰቀሉት። ቁልፉን ኪሳቸው ከተው፣ ማን ወደ ሣጥኑ እንደሚጠጋ ቀኑን ሙሉ በመስኮት ሲያዩ ይውላሉ። የጽዳት ሠራተኛዋ አቧራውን ስትወለውል እንኳ ዓይናቸው ከእጇ ላይ አይነቀልም።

ወር ሞላ፤ አንዲት ወረቀት አልገባችም። ትምህርት ቤቱን የሚጎበኙ አንድ ቄስ ከሀገረ ስብከት ሲመጡ፣ አቶ በርናባስ ሠራተኛውን አዳራሽ ሰብስበው ባዶውን ሣጥን ከፍተው አሳዩ።

«ይኸው አባ፣ ቅሬታ ያለው ሰው የለም!» አሉ በኩራት። ከዚያም «ሠራተኛው ሁሉ ደስተኛ ነው» የሚል ወረቀት ለጽዳት ሠራተኛዋ ዘረጉላት።

«አንጋፋዋ አንቺ ነሽ፤ በሁሉም ስም ፈርሚ። ቅር ያለሽ ነገር ካለም እዚሁ አባ ፊት ተናገሪ!»

ብትፈርም ውሸት ነው፤ ብትናገር ከሥራ መባረር ነው። ሴትዮዋ እስክሪብቶውን ተቀበለችና ሳትፈርም ወደ ቄሱ ዞረች።

«አባ፣ እርስዎ ዘንድ ስንናዘዝ የምንናገረው የራሳችንን ኃጢአት ነው። እንዲያም ሆኖ ፊታችን እንዳይታይ መጋረጃ አለልን። እዚህ የተጠየቅነው የርዕሰ መምህሩን ኃጢአት ነው፤ ታዲያ ያለ መጋረጃ ማን ይናዘዝላቸው?»